ቤዝ ጨምርልን፣ ቤዚስቱን ግን ተወው

ይህች ከተማ ቤዝ ትወዳለች። ካላመናችሁ ማታ ማታ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፈሩ። ከኋላ ወንበር ሥር የተቀበረው ስፒከር "ድብ! ድብ!" ባለ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ረዳቱ መዳፍ ውስጥ ሳንቲሙ ይጨፍራል፣ ከፊታችን የተቀመጡት እናት ፌስታላቸውን እቅፍ አድርገው "ኧረ ልጄ ቀንስልን፣ ልቤ ወጣች!" ይላሉ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ጎረምሳ "ሹፌር፣ ቤዝ ጨምርበት!" ብሎ ይጮኻል። ሠርግ ቤትም እንዲሁ ነው። ጂም ቤትም፣ አዲስ የተከፈተ ቡቲክ በር ላይም እንዲሁ። ቤዝ የሌለው ዘፈን ለኛ ጨው እንደሌለው ሽሮ ነው።

እሺ። አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ስም ጥሩልን።

(እየጠበቅን ነው።)

ድምፃዊ ብንላችሁ ሃምሳ ትደረድራላችሁ። ሳክስፎን ሲባል ጌታቸው መኩሪያን፣ ቫይብራፎን ሲባል ሙላቱ አስታጥቄን፣ ኦርጋን ሲባል ኃይሉ መርጊያን የማይጠራ የለም። ቤዝ ሲባል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ጸባችን እዚህ ጋ ነው። የምንወደው ንዝረቱን ነው፤ አንድ ሰው አራት ክር ይዞ፣ አስቦና መርጦ የሚሠራው ሥራ መሆኑን ረስተነዋል። በመርሳት ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ሰውየውን ከመድረክ አውርደን ወንበሩን ለኪቦርድ ግራ እጅ አስረክበናል።

"እናንተ ደግሞ ማን ናችሁና?" ለምትሉን፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ ቤዝ ጊታር ገዝተናል። ላለፉት አራት ወራት በየተራ ቤታችን እየወሰድን አንድ ዘፈን ስናጠና ከርመናል። አንድ! እሱም የእንግሊዙ የኩዊን ቡድን "አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት" ነው። አሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳናቋርጥ እንጫወተዋለን። ይህ ኮንሰርት የሚያስጠራ ችሎታ አይደለም። ስለ ጉዳዩ አፋችንን ሞልተን ለመናገር ግን ይበቃናል።

ለምን ይሄን ዘፈን መረጣችሁ ከተባለ፣ ቤዙ ራሱ ዘፈኑ ስለሆነ ነው። ግጥሙን ረስታችሁት፣ ማን እንደዘፈነውም ጠፍቷችሁ፣ ቤዙን ብቻ በአፋችሁ ብታንጎራጉሩት አጠገባችሁ ያለው ሰው "እሱን እኮ አውቀዋለሁ!" ይላችኋል። ዘፈኑን የደረሰውም የቡድኑ ቤዚስት ጆን ዲከን ነው። የወጣው በ1980 "ዘ ጌም" በተባለው አልበም ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያው ዓመት በአሜሪካው ቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቶ ሦስት ሳምንት ከረመበት።

ዲከን ስለሚባለው ሰው ትንሽ ማለት አለብን፤ ምክንያቱም እሱን የመሰለ ሰው በየሰፈራችን አለ። ቡድኑን በ1971 ሲቀላቀል 19 ዓመቱ ነበር። በለንደኑ ቼልሲ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ያጠና ዝምተኛ ልጅ ነው። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ካገኘው አሮጌ ሰርኪዩት አንዲት ትንሽ ማጉያ ሠርቶ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ በአልበሞቻቸው ላይ ሲጠቀምባት ኖሯል። ፍሬዲ ሜርኩሪ መድረኩን እንደ ግቢው ሲሮጥበት፣ ይሄኛው ከከበሮው ጎን ቆሞ ሥራውን ይሠራል። በ1997 ላይ ደግሞ በቃኝ ብሎ ቤቱ ገባ። "ቦሄሚያን ራፕሶዲ" የተባለውን የ2018 ፊልም ያያችሁ ታስታውሱ ይሆናል፦ ስቱዲዮ ውስጥ ሲጨቃጨቁ እሱ ምንም ሳይናገር ቤዙን ይጀምራል፣ ሁሉም ዞር ይላል። ፊልሙ የቡድኑን ታሪክ በብዙ ቦታ እንደፈለገ አገላብጦታል፤ የዚያች ትዕይንት ስሜት ግን ልክ ነው።

ዲከንም ነገሩን ከሰማይ አላወረደውም። በ1979 ሺክ የተባለው የኒውዮርክ ቡድን "ጉድ ታይምስ" የሚል ዘፈን አውጥቶ ነበር። ቤዙን የተጫወተው በርናርድ ኤድዋርድስ ይባላል። የኤድዋርድስን መስመር ሹገርሂል ጋንግ የተባሉት ልጆች ወሰዱና በዚያው ዓመት "ራፐርስ ዲላይት"ን ሠሩበት፤ ራፕ በዓለም ሬዲዮ የገባበት ዘፈን ማለት ነው። ዲከን ደግሞ መንፈሱን ወስዶ ለሮክ ሰጠው። እንግዲህ የአንድ ሰው ጣት ዲስኮውንም፣ ራፑንም፣ ሮኩንም አቀናው። ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ወደ ክሩ እንመለስ። የዘፈኑ ዋና ሐረግ ሦስት ድምፅ ብቻ አለው፦ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በወፍራሙ ክር ላይ ክፍቱን፣ ሦስተኛውን ፍሬትና አምስተኛውን ፍሬት ማለት ነው። አለቀ። ዩቲዩብ ላይ "ለጀማሪ! በአምስት ደቂቃ!" የሚሉት ቪዲዮዎች የሚግተለተሉት ለዚህ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ጣት የት እንደሚያርፍ ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቀሪው አራት ወር የሄደው ጣት መቼ እንደሚነሳ ለማወቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍት ክር ተመትቶ ከተለቀቀ ማንም ካልነካው ለብዙ ሰከንድ ሲያጓራ ይቆያል። በዚህ ዘፈን ውስጥ ግን መጀመሪያ ላይ የሚመጡት ሦስት "ሚ"ዎች እያንዳንዳቸው ተመትተው እዚያው ይቆረጣሉ፤ መሐላቸው ባዶ ነው። ስለዚህ ግራ እጃችን የሚጫነው ፍሬት ባይኖርም ሥራ አያጣም፦ ክሩ ላይ ለስለስ ብሎ ተኝቶ ድምፁን ያፍናል። አፈናው ትንሽ ከዘገየ ድምፁ ወደ ባዶው ፈስሶ ሁሉንም ያጨቀያል። ከፈጠነ ደግሞ ዘፈኑ የሚያነክስ ይመስላል። ሜትሮኖማችንን ስድሳ ላይ አድርገን ጀመርን፤ ሰማንያ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጥን፤ የዘፈኑ ትክክለኛ ፍጥነት 110 ገደማ ስለሆነ እዚያ እስክንደርስ የጣታችን ጫፍ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ፣ ደርቆ፣ እንደ ጫማ ሶል ሆነ። (በነገራችን ላይ፣ ልቡ ቆሞ የወደቀን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ ነው የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያው የሚለው። ዘፈኑ እዚያው ልክ ውስጥ ይገባል። ርዕሱን ግን ለበሽተኛው ቤተሰብ ባትነግሩ ይሻላል።)

መብራት ሲጠፋስ? ቤዝ ጊታር ያለ ማጉያ ከንብ የማይሻል ድምፅ ነው ያለው። አንዷ ጓደኛችን መላውን ዘዴ አገኘችው፦ የጊታሩን አናት ቁም ሣጥኑ ላይ አስደግፎ መምታት። ቁም ሣጥኑ በሙሉ ያስተጋባል፤ ውስጡ ያሉት ማንጠልጠያዎች ሳይቀሩ ያጅባሉ። እናቷ "ምን እያደረጋችሁ ነው እናንተ ልጆች፣ ልብሱን ትነቅሉታላችሁ እንዴ?" እያሉ ሦስት ምሽት ታገሱን።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ጉራ ለመንዛት አይደለም። "ቤዝ እኮ ጊታር ያቃተው ሰው መሣሪያ ነው" የሚሉ ወገኖች ስላሉ ነው። ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ጊታሪስቶች ናቸው። "አይሰማም እኮ፣ ምን ያደርጋል?" የሚሉም አሉ። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ቀላል ፈተና አለን። ይሄንኑ የኩዊን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ክፈቱና መሐሉ ላይ ድረሱ። ቤዙ ጨርሶ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ ከበሮው፣ ጭብጨባውና የፍሬዲ ድምፅ ብቻ ይቀራሉ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጉልበት እዚያው አለ፤ ግን መሬቱ ከሥሩ ተነሥቷል። ቤዙ ተመልሶ ሲገባ ሰውነታችሁ የሚያደርገውን ተመልከቱ። የማይሰማ ነገር ሲመለስ እንዲህ አያደርግም።

"በጆሮ ማዳመጫ" ያልነው ያለ ነገር አይደለም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። የስልካችን ስፒከር፣ ያቺ የጥፍር ታህል ነገር፣ ይህን ድምፅ የማውጣት አቅም የላትም፤ የምንሰማው ከላዩ የሚንሳፈፈውን ቅጥያ ብቻ ነው። ሙዚቃን በሙሉ በስልክ ስፒከር የሚሰማ ትውልድ "ቤዝ አይሰማም" ቢል አይገርምም። የሚገርመው ዘፈን አቀናባሪው ለዚያች ስፒከር ብሎ ቤዙን ሲያስቀረው ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ክስ። "የፈረንጅ ሮክ ተምራችሁ ለኢትዮጵያ ምን ልትፈይዱ?" ተብለናል። ወፍራም ድምፅ ለዚህ አገር እንግዳ ነው እንዴ? በገና ምንድነው ታዲያ? ዐሥር ክር፣ በሁዳዴ ጾም ከየቤቱ ሬዲዮ የሚወጣው ያ ደረት ውስጥ የሚገባ ንዝረት፣ ማንም "ለምን ወፈረ?" ብሎት አያውቅም። የባህል ቡድኖቻችን ቤዝ ክራር የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ደግሞም ወርቃማው ዘመን እያልን የምናለቅስለትን ሙዚቃ የሠሩት ሰዎች የአሜሪካን ሶልና ፈንክ ነጥብ በነጥብ እየተጫወቱ ነው ያደጉት። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 "ኧረ መላ መላ"ን ሲያወጣ ያጀበውን አይቤክስ ባንድን አንዴ ለቤዙ ብቻ ብላችሁ ስሙት። ኋላ ሮሃ ባንድ የሆኑት ናቸው። ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ይባላል። የዋሊያስ ባንድን "ሙዚቃዊ ስልት" ደግሞ ዓለም ይጨፍርበታል፤ የዋሊያሱ ቤዚስት መላከ ገብሬ ነው። በአሜሪካው በርክሊ ኮሌጅ የተማረውና አዲስ አበባ ተመልሶ ጃዝአምባን ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ሔኖክ ተመስገንም ቤዚስት ነው። ይኸው፣ መጀመሪያ ላይ ለጠየቅናችሁ ጥያቄ ሦስት መልስ።

የጃኖ ባንድን "ኤርታሌ"ም አንርሳ። በ2012 የወጣው ይህ የአማርኛ ሮክ አልበም ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። የጂጂን የ2001 አልበምም ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። ላስዌል በሙያው ምንድነው? ቤዚስት።

እንግዲህ ማን ነው ቤዚስቱን ከመድረክ ያወረደው? ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወቱትን ጋሼ እረፍት ሲወጡ ጠብቀን ጠየቅናቸው። ሳቁብን። "ልጆቼ፣ ግራ እጄ ምን ሊሠራ ነው?" አሉና ግራ እጃቸውን አነሡልን። መልሳቸው ሐቀኛ ነው፤ የአንድ ዘመን ታሪክም ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ለዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የከተማውን ሌሊት ገደለው። ባንድ የሚቀጥር ቤት አነሰ። ሸክላው በካሴት ተተካ። ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ሲመጡ አንድ ሰው የአምስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ደመወዝ መሥራት ቻለ። ሮሃን የመሳሰሉ ባንዶች በዚያ ሁሉ መሐል መቆየታቸው ራሱ ተአምር ነው። ጋሼ በዚያ ዘመን ቤተሰብ ያሳደጉት በሁለቱም እጃቸው ነው፤ እሳቸውን አንወቅስም።

የምንወቅሰው ዛሬ አምስት ሰው መቅጠር የሚችለውን ነው። ለቪዲዮ ክሊፕ ድሮን ይከራያል፣ ሦስት ቅያሬ ልብስ ያሰፋል፣ መኪና ይለምናል፤ ለቤዝ ሲሆን "ኪቦርዱ ላይ አለልህ" ይባላል። የግራ እጅ ቤዝ ከቀኝ እጅ የተረፈ ሐሳብ ነው። ቀኙ ዜማውን እየተከተለ፣ ዓይኑ ሙሽሮቹን እያየ፣ ግራው ያችኑ ሁለት ድምፅ ከማታ እስከ ሌሊት ይረግጣል። የታፈነ ክር የለበትም፣ የሚንሸራተት ጣት የለበትም፣ ዝምታማ ጭራሽ የለበትም። ቁልፉን ሲጫኑት ይጮኻል፣ ሲለቁት ያቆማል።

"ስቲቪ ዋንደርስ?" የሚል ሙዚቃ አዋቂ አይጠፋም፤ እናውቃለን። በ1972ቱ "ሱፐርስቲሽን" ላይ ቤዙ የሙግ ሲንተሳይዘር ነው፣ እሱም ድንቅ ነው። ግን ስቲቪ ያንን ቤዝ ብሎ አስቦ፣ ለብቻው ቀርጾ ነው የሠራው። የተረፈ እጅ አልሰጠውም። ይልቅ ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ ዘ ዶርስ ናቸው። የሎስ አንጀለሱ የሮክ ቡድን መድረክ ላይ ቤዚስት አልነበረውም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሬይ ማንዛሬክ በግራ እጁ በትንሽ የቤዝ ኪቦርድ ይሸፍነው ነበር። ልክ እንደ ጋሼ! ስቱዲዮ ሲገቡ ግን ምን አደረጉ? ቤዚስት ቀጠሩ። በ1971ዱ "ኤል ኤ ዉመን" አልበማቸው ላይ የምትሰሙት ቤዝ የኤልቪስ ፕሪስሊ ቤዚስት የነበረው የጄሪ ሼፍ ነው። በዓለም ላይ በግራ እጅ ቤዝ የታወቁት ሰዎች ራሳቸው ለታሪክ የሚቀመጠውን ነገር ለግራ እጅ አላመኑትም።

ስለ ስምም እንነጋገር። አዲስ ዘፈን ሲወጣ ከሥሩ ያለውን ዝርዝር አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ዳይሬክተር፣ ሜካፕ፣ ፀጉር፣ ልብስ፣ ልዩ ምስጋና ለሆቴሉ። ሰው ቤዝ ተጫውቶበት እንኳ ብዙ ጊዜ ስሙ የለም። ፀጉር የሠራችው ስሟ ይጻፍ፣ ደስ ይለናል፤ ዘፈኑን የተሸከመውስ? ይህ በሽታ የኛ ብቻ አይደለም። በሞታውን ኩባንያ የ1960ዎቹን ሙዚቃ በአንዲት የቀኝ እጅ ጣቱ ሲያስጨፍር የኖረው ጄምስ ጀመርሰን ስሙ ሸክላ ሽፋን ላይ በወጉ የወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ "ዋትስ ጎይንግ ኦን" ላይ ነው። ዓለም ሁሉ ሲጨፍርበት ስሙን አያውቅም ነበር። አሜሪካኖቹ ከዚያ ወዲህ ተምረዋል። እኛ በአንድ መስመር ጽሑፍ የሚታረመውን ነገር ለምን እናቆየዋለን? ጋዜጠኞችም (እኛንም ጨምሮ፣ ተምረን የወጣነው ለዚሁ ነው) ድምፃዊን "ስለ ፍቅር ሕይወትህ ንገረን" ከማለታችን በፊት "ቤዙን ማን ተጫወተው?" ብለን ብንጠይቅ ቋንቋችን አይበላሽም።

የመጨረሻዋ ቅሬታ የራሳችን ናት። ጊታሩን ልንገዛ የሄድንበት ሱቅ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አይቶን "እህቴ፣ ይሄ ይከብድሻል፣ ዩኬሌሌ ላሳይሽ?" አለን። አንዷን ብቻ አይደለም፣ ሦስታችንንም በየተራ! ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ይዘን አራተኛ ፎቅ ስንወጣ "ይከብድሻል" ያለን ወንድም እስከ ዛሬ አልገጠመንም። ቤዝ ጊታር አራት ኪሎ ገደማ ነው። (አራት ኪሎ፣ እንደ ሰፈሩ።) በግሌን ካምቤል የ1968 "ዊቺታ ላይንማን" ላይ ቤዙን የተጫወተችው ካሮል ኬይ ሴት ናት፤ የሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ተሰልፈው ይጠሯት ነበር። በ1970ዎቹ ቤዝ አንግታ የሮክ ባንድ የመራችው ሱዚ ኳትሮ ሴት ናት። በ2011 በግራሚ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አርቲስት የተባለችው ኤስፔራንዛ ስፖልዲንግም ቤዚስት ናት። ዩኬሌሌም ክፉ መሣሪያ አይደለም፤ ግን እኛ የጠየቅነው ሌላ ነው።

አሁን "ሙዚቃዊ ስልት" ላይ ነን። ሮኩ አራት በአራት ነበር፤ ይሄኛው ጣት ሳይሆን ወገብ ነው የሚጠይቀው፣ ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል። ለጋሼም አንድ ጥያቄ ልከንላቸዋል፦ በሚቀጥለው ወር የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው፤ ለአንድ ዘፈን ብቻ ግራ እጃቸውን እንዲያሳርፉልን፣ ቤዙን እኛ እንይዘዋለን። ገንዘብ አንጠይቅም፣ ማጉያውንም ይዘን እንመጣለን። "አስብበታለሁ" ብለውናል።

እስካሁን እያሰቡ ነው።